የውዴ ሁለተኛ ዲግሪ

ውዴ፣ ስሟ ውዴ በመሆኑ ብቻ ብዙ ነገር ደርሶባታል። ድሬዳዋ ተማሪ ሳለች፣ ስም የሚጠራው ወጣት መምህር እሷ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርግና የአባቷን ስም ብቻ ጠርቶ ያልፍ ነበር። ጅቡቲ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ገበያ መሀል ጓደኞቿ «ውዴ» ብለው ሲጣሩ አማርኛ የሚሰማ ወንድ ሁሉ ዞር ይላል፤ ደፈር ያለው «አቤት» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ከስሟ ጋር የሚመጣው ፈገግታ አልቀረላትም። እሷም እንደ ጅቡቲ ሙቀት ችላው ትኖራለች።

የምትሠራው ራስ ዲካ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ማዳም ሂንድ ቤት ነው። አዳሪ ሠራተኛ ናት። ማዳም ሂንድ ወደቡ አካባቢ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የምትሠራ፣ ድምፅዋ ትልቅ፣ ልቧም ከድምፅዋ የማያንስ ሴት ናት። ከውዴ ጋር የሚግባቡት በሦስት ቋንቋ ነው፤ ስታዝ በፈረንሳይኛ፣ ስትቆጣ በዓረብኛ፣ ስትስቅ ደግሞ ከውዴ በለቃቀመችው አማርኛ።

ነገሩ የጀመረው ካምሲን የሚሉት አሸዋ ያዘለ ትኩስ ነፋስ ከተማውን ሲለበልብ፣ የሳሎኑ አየር ማቀዝቀዣ ቀጥ ባለ ዕለት ነው። ጅቡቲዎች «ክሊም» ይሉታል፤ እሱ ሲቆም ቤቱም አብሮ ይቆማል። ማዳም ሂንድ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ኑዛዜ የሚመስል ነገር ስትናገር ቆየችና ጠጋኝ ተጠራ። ሰውየው መሰላል ላይ ወጣ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ አቧራ የጠገበ ማጣሪያ አውጥቶ ለውዴ አቀበላት፤ ሽቦ ነካካ፤ የሆነ ነገር አጠበቀ፤ ቀዝቃዛው አየር ፊቱን ሲመታው ወረደ። መሰላሉን ይዛ የነበረችው ውዴ አፏን ከፍታ ቀረች። ሆዱ ተከፍቶ ያየችው ማሽን ከዓይኗ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ የቤቱን ክሊሞች በየተራ እየከፈተች በጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ የቱ ከየት እንደሚገናኝ በጣቷ መከተል ያዘች። የጎረቤት ክሊም አንዴ አስነሣች። የእንግዳ ክፍሉን ግን አበላሸችው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ታመመ ግመል ይጮኻል።

ማዳም ሂንድ የግመሉን ጩኸት ለሳምንት ታግሣ በመጨረሻ ፍርድ ሰጠች። ወይ ሥራውን ትማሪዋለሽ፣ ወይ እጅሽን ከማሽኖቼ ላይ ታነሺያለሽ አለቻት።

የሚማሩበት ቦታ ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ከሰዓት በኋላ የክሊም ጥገና ያስተምራል። መግቢያው ፈተና ነው፤ ፈረንሳይኛና ሒሳብ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን አይቀበሉም፤ ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በዓመት አንዴ ስለሆነ ለውዴ ያሁኑ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነው። ማዳም ሂንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቃል ገባችላት፤ ካለፈች ጠዋት ጠዋት ብቻ እየሠራች ተመላላሽ ትሆናለች፣ ማታ የራሷ ቤት ታድራለች። ውዴ ከልጅነቷ ጀምሮ ያደረችው ወይ ከእህቶቿ ጋር፣ ወይ ከሰው ወጥ ቤት ጀርባ ከጋዝ ሲሊንደር ጎን ነው። ከውስጥ ቆልፋው ቁልፉን ትራሷ ሥር የምታደርገው በር ኖሯት አያውቅም። ስለ ክሊም ስታስብ እውነቱን ለመናገር ስለዚያ በር ነበር የምታስበው።

ፈረንሳይኛውን ከወጥ ቤትና ከማዳም ሂንድ አፍ ለቅማዋለች። ያስጨነቃት ሒሳቡ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች እናቷ ታማባት ትምህርቷን ያቋረጠችው፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ኤክስ ጽፎ ከራሱ በላይ ትንሽ ሁለት ባስቀመጠበት ሳምንት ነበር። ያቺ ትንሽ ሁለት እዚያ ላይ ምን ትሠራ እንደነበር ሳታውቅ ወጣች። አሁን የማሠልጠኛው የፈተና ርእሶች ሲነገሯት፣ ያቺው ሁለት ኤክስ ትከሻ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት።

አስተማሪ የተገኘላት በኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ነው። ጸሐዬ ይባላል። አያቱ ከባቡሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ በፈረንሳይኛ የተማረ፣ ካርቲየ አራት በሚባለው ሰፈር የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ የሚሠራ የአርባ ዓመት ወንደላጤ ነው። ዓርብ ዓርብ የሱቁ ዕረፍት ስለሆነ ለፈለገ ሁሉ ሒሳብ ያስተምራል። አማርኛው የአያቱ አማርኛ ነው፤ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» ይላል፤ መሀል መሀሉን ፈረንሳይኛ ይሰካበታል። ደግሞም ዓይነ አፋር ነው። የመጀመሪያ ቀን ስሟን ጠይቋት «ውዴ» ስትለው ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ እሷን ለመጥራት ያላደረገው ነገር የለም። «ወይዘሪት ውዴ» ሊል ጀምሮ፣ ይሄኛው የባሰ መሆኑ ገባውና ተወው። መጨረሻ ላይ «ተማሪ» በሚል ተስማማ፤ አዳራሹ ውስጥ ሌሎች ተማሪዎች ሲኖሩ ደግሞ በጠመኔ እየጠቆመ «እዚያ ጋ ያሉት» ይላት ጀመር። እሷ «ጋሽ ጸሐዬ» ትለዋለች።

የመጀመሪያው ትምህርት የተጀመረው በአለመግባባት ነው። ጸሐዬ ትንሿን ሁለት ጽፎ «ኢክስ ኦ ካሬ» ብሎ አነበበ። ውዴ ካሬ የሚባል ነገር ታውቃለች፤ ካሬ የመሬት ነው።

«ቦታ ነው እንዴ?» አለች።

ጸሐዬ አሰበ አሰበና ቦታ ነው አላት። አራት ማዕዘን፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሠላሳ ስድስት ካሬ ቦታ ቢኖርዎት አንዱ ጎን ስንት ሜትር ነው ብሎ ጠየቃት። ውዴ ሠላሳ ስድስት ካሬ ላይ ምን እንደሚሠራ ልትጠይቀው ነበር፤ ካርቲየ ሰባት ውስጥ በሠላሳ ስድስት ካሬ ሁለት ቤተሰብ ከነፍየሉ እንደሚኖር ትዝ ሲላት ተወችው። ስድስት አለች። ዓመታት ያስጨነቃት ነገር ይኼው ኖሯል። ደስታዋ ግን አልቆየም። ጸሐዬ ጎን ለጎን ሲቀነስ ስድስት ብሎ ጻፈና ይህም መልስ ነው አላት።

ውዴ እዚህ ላይ እምቢ አለች። ሲቀነስ ስድስት ሜትር የሆነ አጥር የሚያጥር ሰው ካላሳዩኝ አልቀበልም ነው ነገሯ። ጸሐዬ ኤክስ ሁልጊዜ ቦታ እንዳልሆነ፣ ሲቀነስ በሲቀነስ ሲባዛ ሲደመር እንደሚሆን በፈረንሳይኛም በአማርኛም ሞከረ። መጨረሻ ላይ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ሰው ቤት ሄደው ምሳ ቢቀርብልዎትና ‹አልበላም አልልም› ቢሉ፣ በሉ ወይስ አልበሉም?»

«በላሁ።»

«ሲቀነስ በሲቀነስ ማለት ይሄው ነው።»

ውዴ ሳቀች፤ ገባት። ቢሆንም ሲቀነስ ስድስትን ልቧ አልወደደውም። እንደ ሩቅ ዘመድ አየችው፤ ዘመድነቱን አትክድም፣ ግን ካልመጣ አትጠራውም።

ከዚያ ኤክስ ሁለቴ ወደሚመጣባቸው ረዘም ያሉ እኩልታዎች ተሻገሩ። ሲባዙ መጨረሻ ያለውን ቁጥር፣ ሲደመሩ መካከል ያለውን የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች መፈለግ ነው። ጸሐዬ አንድ ነገር አጥብቆ አስተማራት። መልስ ባገኙ ቁጥር መልሱን ወደ ቤቱ መልሰው ያስገቡት ይላል፤ ኤክስ ባለበት ሁሉ ቁጥሩን ተክተው ይመልከቱ፤ ዜሮ ከሆነ የቤቱ ልጅ ነው፤ ካልሆነ የሰው ልጅ ነው፣ ይመልሱት። ይህን ውዴ ወደደችው። ማንኛውንም ነገር አጥቦ ወደ ቦታው መመለስ ሥራዋ ነው።

ችግር ያመጣው የትምህርቱ ስም ነው። ውዴ የዓርብ ዕረፍቷን የምታሳልፈው ካርቲየ ሰባት፣ ኑሪያ ሻይ ቤት ነው። ኑሪያ የድሬዳዋ ጎረቤቷ ናት፤ አብረው አፈር ፈጭተው ያደጉ። አንድ ዓርብ ኑሪያ ብርጭቆ እያጠበች ምን እንደምትማር ጠየቀቻት። ውዴ ደክሟት ነበር። ጸሐዬ «ኢኳሲዮን ዱ ስጎን ደግሬ» የሚለውን ወደ አማርኛ ሲመልሰው እንደሰማችው አድርጋ «የሁለተኛ ዲግሪ» አለች።

ኑሪያ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«አንቺ፣ የመጀመሪያውን መቼ ያዝሽ?»

ውዴ እየሳቀች ልታስረዳት ሞከረች። የቁጥሩ ዲግሪ ነው፣ የትምህርት ዲግሪ አይደለም፣ ኤክስ ሁለቴ ስለሚባዛ ነው አለቻት። ማብራሪያው ነገሩን ይበልጥ አከበረው። ኑሪያ በሻይ ቤቱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አደረገች። ጫት ከኢትዮጵያ ደርሶ ሰፈሩ በሚነቃቃበት ሰዓት፣ በራፉ ላይ ጫት የምትሸጠው ሱሪያ ውዴን «ምሁሯ» ብላ ተቀበለቻት። በሚቀጥለው ሳምንት ሱሪያ እግሯን አውጥታ ጉልበቷን የሚወጋት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ሁለተኛ ዲግሪ ከሐኪም እንደማይርቅ ሰምታለች። ውዴ መካድ ሰለቻት። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ለማንም ባትናገረውም፣ መካድ አልፈለገችም። ዋናው ፍርሃቷ ግን እያደገ ሄደ። ብትወድቅ የምትወድቀው ከራስ ዲካ ወጥ ቤት ብቻ አይደለም፤ ካርቲየ ሰባት ከሰቀላት ቦታም ነው።

ፈተናው ሲቃረብ ጸሐዬ ለሳምንቱ የሚሆን አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጣት። ውዴ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋ ዕቃ እያጠበች ታየዋለች። ሲባዙ ሰባ ሁለት፣ ሲደመሩ ስምንት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ስምንትና ዘጠኝ ተባዝተው ሰባ ሁለት ይሆናሉ፤ ሲደመሩ ግን አሥራ ሰባት። ስድስትና አሥራ ሁለትም አልሆኑም። ሦስትና ሃያ አራት ጭራሽ ራቁ። ሰኞ ላይ ማንጎራጎሯን የሰማችው ማዳም ሂንድ ገባችበት፤ ሒሳብ ጠላቷ እንደነበር እየተናገረች ቁጥሮቹን ከውዴ አፍ ተቀብላ ብዕር አነሣች። ማክሰኞ እራት ላይ ሁለቱም ሩዙን ረስተው ቁጥር ሲያጋቡ አመሹ። ማዳም ሂንድ ብዕሩን ወርውራ በአማርኛ «እነዚህ ሰዎች አይጋቡም» አለች። በማግሥቱ ጥያቄውን ቢሯቸው ላለው የሒሳብ ሠራተኛ በቃሏ ነገረችው። ሰውየው ከምሳ በኋላ መልስ የለውም ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጣት፤ ፈረመበትም።

ውዴ ዓርብ ዕለት ደረቷን ነፍታ አዳራሹ ገባች። ጥያቄዎ መልስ የለውም አለችው፤ የወደብ ሰው ፈርሞበታል።

ጸሐዬ የራሱን ቁራጭ ወረቀት አየ። «ሁለትና ስድስት ነው እኮ።»

«ጅቡቲ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስድስት ሰባ ሁለት ነው እንዴ?»

«ሰባ ሁለት ከየት መጣ? አሥራ ሁለት ነው።»

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ጸሐዬ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት እንደተማረው አንድን ሲጽፍ ከላይ ረጅም ክንፍ ያወጣላታል። ለውዴ ዓይን ሰባት ናት። የድሬዳዋ አንድ ቀጥ ያለች እንጨት ናት፤ ሌላ ነገር የላትም። የጸሐዬ ሰባት ደግሞ ወገቧ ላይ መስመር አላት፤ እሷን ውዴ እስከዚያ ቀን ድረስ የተሰረዘች ሰባት ነበር የምትላት። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ከሁለት ሀገር የመጡ ቁጥሮች ሊያጋቡ ሲለፉ ኖረዋል። የወደቡ ሰውም አልተሳሳተም፤ እሱ የተሰጠው ማዳም ሂንድ ከውዴ ሰምታ በቃሏ የነገረችው ሰባ ሁለት ነው፤ ለሰባ ሁለት መልስ የለውም። ጸሐዬ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ሲስቅ ዓይነ አፋር አለመምሰሉን ውዴ ያኔ አስተዋለች።

«እንግዲህ ያስታውሱ» አላት፤ «አንድ ኮፍያ ታደርጋለች፣ ሰባት ቀበቶ ትታጠቃለች።»

ውዴ ያን ቀን የሰውን ቁጥር ማንበብ ተማረች። ሰው የሷን እንዴት እንደሚያነብ ግን ሁለቱም አላሰቡም። ጸሐዬ መልሷን ምንጊዜም ከአፏ ነው የሚቀበለው፤ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው እሱ ነው።

ማሠልጠኛው የፈተናውን ቀን በመልእክተኛ አሳውቃለሁ ብሎ ነበር። ውዴ ምዝገባው ላይ የሞላችው የኑሪያን ሻይ ቤት አድራሻ ነው። መልእክተኛው ግን አልመጣም። ደግነቱ ትዕግሥት አልነበራትምና ገበያ ስትወርድ ሁሉ በማሠልጠኛው በር ታልፋለች፤ አንድ ቀን ዘበኛው ነገራት። መልእክተኛውን ሰነፍ ብላ አማችው።

ፈተናው ያስፈራትን ያህል አልሆነም። ጥያቄዎቹ በማተሚያ የተጻፉ ስለነበሩ ኮፍያም ቀበቶም የሚያምታታ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የመጣው ኤክስ ኦ ካሬ፣ ሲቀነስ ስምንት ኤክስ፣ ሲደመር ሰባት፣ እኩል ይሆናል ዜሮ የሚል ነበር፤ ሲባዙ ሰባት፣ ሲደመሩ ስምንት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች። አንድና ሰባት። ከሷ ሰፈር የመጣ ጥያቄ መሰላት። መልሱን ጻፈች፤ ገጹን ገልብጣ ወደ ቤቱ መልሳ አስገባችው፤ ዜሮ ሆነ። እየተፍነከነከች ወጣች።

ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ ስሟ ከመስመሩ በታች ነበር። በግማሽ ነጥብ ወድቃለች።

ውዴ ዝርዝሩን ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ የሌላ ሰው ስም እያየች መሰላት፤ ውዴ የሚባል ሰው ግን ሌላ አልነበረም። ካርቲየ ሰባት መሄድ አልቻለችም። ሱሪያ ከነጉልበቷ እዚያ ቁጭ ብላለች። ራስ ዲካም መግባት አልቻለችም፤ ማዳም ሂንድ ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት አዘጋጅታ ትጠብቃታለች። እግሯ ካርቲየ አራት ጸሐዬ ሱቅ ወሰዳት። ምን እንደተፈጠረ በአጭሩ ነገረችውና የምስማር ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ጸሐዬ ቆቡን ከምስማሩ አንሥቶ አደረገና ወረቀትዎን እናያለን አላት። ይህን የተናገረው ደፋር ሆኖ አልነበረም፤ የማሠልጠኛው ኃላፊ በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም «ይቅደሙ» «የለም እርስዎ» እየተባባሉ ቆመው ቀርተዋል። በሩን ከውስጥ የከፈተው ኃላፊው ራሱ ነው።

ሙሴ ዓብዱረዛቅ ይሉታል፤ «ሙሴ» በፈረንሳይኛ «አቶ» ነው። ጢሙ የሸበተ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነበር። ከራሱ በላይ ያለው ክሊም ወደ ባልዲ ይንጠባጠባል። ዓይናቸውን ተከትሎ አየና፣ ለተማሪዎች መለማመጃ ነው የተውነው አለ፤ ራሱን ጨምሮ ሦስቱም አላመኑትም። ወረቀቷን ከክምሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቀይ ምልክት አለ።

«አንድ እና አንድ ብለሻል» አላት። «አንዱ ልክ ነው። ሁለተኛው የት አለ?»

ውዴ ወረቀቱን አየች። የጻፈችው እዚያው አለ፤ ቀጥ ያለች እንጨትና ጎንበስ ያለች ሰባት። ያለ ቀበቶ። ያን ጊዜ ገባት፤ ለጸሐዬም እኩል ገባው። እሱ ተንተባትቦ፣ በሀገሯ ሰባት ወገቧ አይሰመርም፣ ይህቺ ሰባት ናት አለ።

ሙሴ ዓብዱረዛቅ አልተቆጣም። ያረማቸው እነዚያ ሁሉ ወረቀቶች ላይ ሳይጻፉ የታሰቡ ብዙ ቁጥሮች እንዳሉ፣ አምና ሦስት የጻፈ አንዱ ስምንት ነበረች ብሎ እስከ በሩ እንደተከተለው ነገራቸው። እዚህ ቆሞ ሰባት ነው ለማለት ማንም ይችላል። እኔስ ምን ይዤ ነው የማምነው አለ፤ ጥያቄው የምር ነበር።

ውዴን የወጥ ቤት ፈረንሳይኛዋ ጥሏት ሄደ። ያኔ ግን የዓርብ ዓርቡ ነገር መጣላት።

«ሙሴ» አለች፤ «ወደ ቤቱ መልሰው ያስገቡት። ከጀርባው አለ።»

ሰውየው ግራ ገብቶት ወረቀቱን ገለበጠ። የውዴን ስሌት በጣቱ እየተከተለ፣ ሰባቶቹን ሁሉ እንደ ልማዱ አንድ እያለ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«አንድ ጊዜ አንድ፣ አርባ ዘጠኝ። ስምንት ጊዜ አንድ፣ ሃምሳ ስድስት…»

ጣቱ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አሁን ሰባት እያለ አነበበው፤ አርባ ዘጠኝ፣ ሲቀነስ ሃምሳ ስድስት፣ ሲደመር ሰባት። ዜሮ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለውና ምዝገባው ላይ የሞላሽው አድራሻ የት ነው አላት። ካርቲየ ሰባት አለች። ሙሴ ዓብዱረዛቅ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። መልእክተኛው ካርቲየ አንድን ቤት ለቤት ሲያስስ ውሎ፣ እንዲህ የምትባል ሴት በሰፈሩ አልተፈጠረችም ብሎ ተመልሶ ነበር። ውዴ ያማችውን ሰው በልቧ ይቅርታ ጠየቀች።

ግማሽ ነጥቧ በቀይ ተጻፈላት። ማለፊያው ላይ በልክ ደረሰች፤ አንድ ፀጉር አልተረፋትም። ልትነሣ ስትል ግን ሰውየው ገጹን መልሶ ገለበጠና ሌላ ቀይ ምልክት አሳያት። ኤክስ ኦ ካሬ ሰማንያ አንድ ነው የሚል ቀላል ጥያቄ ነበር። ዘጠኝ ብላለች።

«ይቺኛዋ የቀበቶ ጉዳይ አይደለችም» አላት። «ሲቀነስ ዘጠኝ የት ሄደ?»

ውዴ መሬት መሬት አየች። ያን ሩቅ ዘመድ ሳትጠራው ቀርታለች። ጠርታው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባላስፈለገ ነበር። ከጎኗ ጸሐዬ ጣሪያውን እያየ ነው፤ አላልኩም ላለማለት ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቅሟል።

ከቢሮው ሲወጡ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘንብላ ነበር። ውዴ ለኑሪያ ደወለች። በስልኩ ውስጥ ከኑሪያ እልልታ ቀጥሎ የሱሪያ ድምፅ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች እያለ መንገደኛ ሲያስቆም ተሰማ። ውዴ አላረመቻትም። ለማዳም ሂንድ ስትደውል ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ ባንዴ ጮኸችባት፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንግዲህ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው እራት የምበላው አለች። ውዴም ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ፣ ያንን ግመልም እጠግነዋለሁ አለቻት።

ጸሐዬ እስከ ራስ ዲካ ልሸኝዎት ብሎ አብሯት ይሄድ ነበር። ውዴ ስለ በሩ ታስባለች። ቁልፉ ነሐስ ይሁን ብረት፤ ትራሷ ሥር ቢቆረቁራትስ። በዚህ ሐሳብ ላይ እያለች አስፋልቱን መሻገር ጀመረች። ከቀኝ የሚመጣውን ሚኒባስ አላየችውም።

«ውዴ!»

ዘላ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሚኒባሱ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ድንች የምትሸጥ ሴት፣ ሁለት የወደብ ሠራተኞችና አንድ ወታደር ዞር ብለው አዩ። ጸሐዬ እጁ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቆሟል፤ ጆሮዎቹ ቀልተዋል። በዚያ ሁሉ ወራት አንዴም ከአፉ ያልወጣውን ስም ጅቡቲ ሙሉ ሰማው።

ውዴ ልቧ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ ሳቅ ይዟታል።

«አሁን የጠራኸው ስሜን ነው ወይስ ሌላ?»

«ጋሽ»ም «እርስዎ»ም ከአፏ መቅረታቸውን ሁለቱም ሰምተዋል። ጸሐዬ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ዓርብ ዓርብ ሰሌዳው ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለት መልስ አለው» አላት። «ሁለቱንም ካልጻፍሽ ነጥብ ይቆረጥብሻል።»